የባክቴሪያን የጨረር ቻይነት ከጂኖም ለምትተነብዩ

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ባዮሎጂን ከኮምፒውተር ጋር አጣምራችሁ ለምትማሩ ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የዲኤንኤ መጠገኛ ጂኖችን ቆጥራችሁ ቻይነትን ለመገመት አትቸኩሉ። ጨረርን በመቻል የታወቀው ባክቴሪያ ዲኖኮከስ ራዲዮዱራንስ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ጨረር ተመትቶም ከተበላሸ የቆርቆሮ ሥጋ ውስጥ ተገኘ። በ1999 ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤው፣ ሲነበብ ግን መጠገኛ ጂኖቹ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ብዙም የሚለዩ አልሆኑም። በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ጨረር ቻዮቹ ባክቴሪያዎች ከብረት አንጻር ብዙ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ይይዛሉ፤ በጨረር ቶሎ የምትሞተው ባክቴሪያ ሸዋኔላ ግን ብረት ይበዛባታል። ማንጋኒዝ ፕሮቲኖችን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ፕሮቲኑ ከተረፈ የተበጣጠሰው ዲኤንኤ ይጠገናል። ስለዚህ ማንጋኒዝን ወደ ሕዋስ የሚያስገቡ ጂኖችንም ሞዴላችሁ (ቻይነትን የሚተነብየው የኮምፒውተር ፕሮግራም) በሚማርበት ሰንጠረዥ አስገቡ፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የማንጋኒዝና የብረት መጠን ግን ጂኖም ብቻውን አይነግራችሁም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መለኪያው ነው። ዲ10 ከአሥር ሕዋስ አንዱን ብቻ የሚያስተርፍ የጨረር መጠን ነው። ከ100 ሚሊዮን ሕዋስ በ5 ኪሎ ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) 1 ሺህ ከቀረ፣ ቁጥሩ አምስት ጊዜ ለአሥር ተካፍሏል፤ ዲ10ው 1 ኪሎ ግሬይ ይሆናል። ይህ ልክ የሚሆነው ጨረሩ ሲጨምር የተረፉትን ሕዋሶች የሚያሳየው የግራፍ መስመር (በአሥር እጥፍ እርከን ሲሳል) ከመነሻው ቀጥ ካለ ነው። ዲኖኮከስ እስከ 5 ኪሎ ግሬይ ገደማ እምብዛም ሳይሞት ቆይቶ ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁል የሚወርደው፤ በአንድ ነጥብ ብቻ ብትለኩት ትሳሳታላችሁ። ደርቆ ወይም በረዶ ሆኖ የተመታ ሕዋስም በውሃ ውስጥ ከተመታው የበለጠ ይችላል። ሁኔታው ያልተጻፈበትን ቁጥር ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ።

ሞዴሉን ስትፈትኑ እርሾን አስቡ። ከአንድ ጓዳ የተከፈለ እርሾ ግማሹን ለማስተማሪያ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ብታደርጉ፣ ሞዴሉ የሚያውቀው ያንኑ ቤት ነው። ዘመዳሞቹን ዲኖኮከሶች በሁለቱም ወገን ካስቀመጣችሁ ውጤቱ ያምራል፤ ሩቅ ዝርያ ሲመጣ ይወድቃል። ስለዚህ በዝርያ ቤተሰብ ክፈሉ፤ አንድን ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ደብቃችሁ ፈትኑ። የጎደለ ጂኖምም ያሳስታል፤ ጂኑ የለም ከማለታችሁ በፊት ንባቡ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ።

የራሳችሁን ናሙና ከፈለጋችሁ ከጮቄ እርጥብ ማሳ ይልቅ በበጋ ወደ አባይ በረሃ ውረዱ፤ ድርቀትም እንደ ጨረር ዲኤንኤን ይበጣጥሳል። የጨረር ምንጭ ከሌላችሁ ሕዋሶቹን እርጥበት በሚመጠው ሲሊካ ጄል አድርቃችሁ፣ ከማድረቁ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጠሩ። ነገር ግን ድርቀትን መቻሉን በጨረር ዓምድ ውስጥ አትጻፉ፤ የራሱን ዓምድ ስጡት።