ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅናችንን የግል ኩባንያ ቢይዘውስ? ከወሎ አባላት ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ኩባንያ ቢያስተዳድረው ወጪ ይቀንሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከየት ይቀንሳል ብለው ይጠይቁ። አሜሪካ ሜዲኬይድ የሚባለውን የድሆች መድኅን በአብዛኛው የምታስተዳድረው በግል ኩባንያዎች ነው። ግዛቱ ለእያንዳንዱ አባል በየወሩ ቁርጥ ብር ይከፍላል፤ አባሉ ብዙ ከታከመ ኩባንያው ይከስራል፣ ካልታከመ ያተርፋል። ዱጋንና ሄይፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በአማካይ ወጪው አልቀነሰም። የቀነሰው ቀድሞ ለሐኪም ቤት ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍሉ በነበሩ ግዛቶች ነው፤ ኩባንያው ተደራድሮ ዋጋውን ስላወረደ። የእኛ ጤና ጣቢያ ዋጋ ግን ድሮም ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ላይ ምን ይቀነሳል? የቀረው ሕክምናውን መከልከል ነው፤ እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ለኩባንያው ስንት ይቀራል?

መልስ፦ በአሜሪካ የሜዲኬይድ ክፍያ ሲተመን ቢያንስ 85 በመቶው ለሕክምና እንዲውል ታስቦ ነው። ለምሳሌ 5,000 ሰው በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ቢከፈልለት 5 ሚሊዮን ይሆናል፤ እስከ 750,000 ብር ለአስተዳደርና ለትርፍ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ እኛስ በጤና ጣቢያ በኩል እንድናልፍ እንገደድ የለ? ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ በር ጠባቂነቱ አንድ ነው። ተሁለደሬ ከ13ቱ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ሆና መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ልዩነቱ ከገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። በሰጠው አገልግሎት ልክ የሚከፈለው ጤና ጣቢያ ሪፈር በመከልከል አያተርፍም፤ ቁርጥ ብር የተቀበለ ኩባንያ ግን ያተርፋል። የእኛም መንገድ ሕመም አለበት፦ ምርመራና ማዘዣ ይበዛል፣ የመድኅኑ የገንዘብ ቋት ይደርቃል፣ ለሆስፒታል የሚከፈለው ይዘገያል፣ መድኃኒት ያልቃል፣ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ የገዛ አባል በዓመቱ መዋጮውን አያድስም። ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል፣ በሽተኛው ይቀራል፣ ቋቱም ይብስበታል።

ጥያቄ (ከሚሴ)፦ ለስኳር ሕመምተኛ ተጨማሪ ቢከፈለው ኩባንያው አይሸሸውም አይደል?

መልስ፦ ሽሽቱ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ተጨማሪውን ክፍያ ለማግኘት ሲባል መዝገብ ላይ በሽታ ይበዛል። በአሜሪካ የአረጋውያን መድኅን፣ ምክር ቤቱን የሚያማክረው ሜድፓክ እ.ኤ.አ. ለ2024 በግል ኩባንያዎች መድኅን ውስጥ ላሉት አባላት፣ በመንግሥቱ መድኅን ቢቆዩ ከሚያስወጡት በ22 በመቶ የበለጠ እንደሚከፈል ገምቷል። አንዱ ምክንያት ይኸው የመዝገብ ነገር ነው። ስለዚህ የሕመምተኛውን ካርድ ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር በናሙና የሚያመሳክር ኦዲተር ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ከተሰጠ በኋላ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ይቻላል። የኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባንያዎቹን አስወጥታ ለሐኪሞች በቀጥታ መክፈል ጀመረች፤ የጽሕፈቱን ሥራ ብቻ ትርፍና ኪሳራ ለማይሸከም ድርጅት በክፍያ ሰጠች። ለዚህ ግን የአባላት መዝገብና የሕክምና መረጃ የወረዳው ንብረት መሆኑ ከመጀመሪያው በውሉ መስፈር አለበት። መረጃው ከኩባንያው እጅ ከቀረ ወረዳው ማን ምን እንደታከመ ሳያውቅ ዋጋ ይደራደራል።