ግራናይት የሚመሰክርለት የጠፋ ውቅያኖስ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አለቶች አፈጣጠር ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ ካልኩ በኋላ የደረሱኝ አብዛኞቹ ጥያቄዎች በግራናይት ላይ ያተኮሩ ሆነው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ያለው የውቅያኖስ ወለል ዕድሜ፣ ከጥቂት ስፍራዎች በቀር፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት አይበልጥም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ወደ መሬት ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ውቅያኖሶች የት እንደነበሩና መቼ እንደተዘጉ የምናውቀው፣ በአብዛኛው በአህጉራት ላይ ከቀሩት ግራናይቶችና በአጠገባቸው ካሉት አለቶች ነው።

ጥያቄ፦ ግራናይትም ባዛልትም ከቀለጠ አለት የተፈጠሩ ናቸው ይባላል። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ባዛልት በቀጥታ ከማንትል (ከመሬት ቅርፊት በታች ካለው ወፍራም የአለት ንብርብር) መቅለጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ሲሊካው (የሲሊከንና የኦክስጅን ውሁዱ) 50 በመቶ ገደማ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ገጸ ምድር ላይ ፈስሶ በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ በዓይን ለማየት እጅግ ያነሱ ናቸው። ግራናይት ግን 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሊካ የያዘ፣ ከመሬት በታች በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት እጅግ ረጅም ጊዜ ወስዶ የቀዘቀዘ አለት ነው። አዲስ የተሰበረ የግራናይት ስባሪ ፀሐይ ላይ ብታገላብጡ፣ ሮዝ ወይም ነጣ ያለው ፌልድስፓር በጠፍጣፋ ገጾቹ ያንጸባርቃል፤ በመካከሉ የገባው ኳርትዝ ግራጫ መስታወት ይመስላል፤ ጥቁሩ ሚካ ደግሞ በጥፍር ሲነካ በስሱ እየተላጠ ይነሳል።

ዋናው ነገር ማንትል ብቻውን ቀልጦ ግራናይት ሊሰጥ አለመቻሉ ነው። መጀመሪያ ባዛልት የመሰለ ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ አለት፣ መፈጠር አለበት፤ እርሱም ከፊሉ እየረጋ ቀሪው በሲሊካ እየበለጸገ መሄድ፣ ወይም ቀድሞ የነበረ የመሬት ቅርፊት ዳግመኛ መቅለጥ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ይህ ከፕሌቶች (የመሬትን ገጽ ከከፋፈሉት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ የአለት ሰሌዳዎች) እንቅስቃሴ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ የሚያገናኛቸው ውሃ ነው። የውቅያኖስ ወለል በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ውሃን በማዕድኖቹ ውስጥ ይይዛል። ይህ ወለል በሌላ ፕሌት ሥር ሲሰምጥ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ በሙቀትና በግፊት ብዛት ውሃውን ይለቃል፤ ውሃውም በላዩ ያለውን ማንትል የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርገው ማግማ ይፈጠራል። ግራናይትም ቢሆን ውሃ ባለበት ግፊት ውስጥ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ደረቅ ባዛልት ግን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይጠይቃል። ኢያን ካምቤልና ሮስ ቴይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1983 ውሃ ከሌለ ግራናይት፣ ውቅያኖስ ከሌለም አህጉር ሊኖር እንደማይችል ያቀረቡት ሐሳብ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት በመስኩ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል ትክክል የሆነ ሐሳብ ጥቂት ነው።

በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ሥር ዛሬም የሚካሄደው ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ ያለው የሴራ ኔቫዳ ግራናይትም ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ያለ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት ሥር የነበረና በኋላ ላዩ ተሸርሽሮ የተገለጠ ነው። ውቅያኖሱ ጨርሶ ተዘግቶ አህጉር ከአህጉር ሲጋጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ግራናይት ይወለዳል፤ በሂማላያ ቅርፊቱ እስከ 70 ኪሎ ሜትር ስለወፈረ፣ በውስጡ የተቀበረው የጥንት ጭቃና ደለል ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ነጣ ያለና ነጭ ሚካ የያዘ ግራናይት ሆኗል።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ግራናይትስ ከየትኛው ውቅያኖስ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ ሳይንቲስቶች የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው ከሰየሙትና ዛሬ ከሌለው ውቅያኖስ ጋር ነው። ከ850 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በዚህ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ዛሬ በምዕራብ ፓስፊክ እንደምናያቸው ያሉ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች በሰንሰለት ተፈጠሩ። ፕሌቶቹ እየተቀራረቡ ሲሄዱ ደሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተላተሙ፣ ተጣበቁም፤ በመጨረሻም ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ምሥራቁና ምዕራቡ አህጉር ተጋጥመው ጎንድዋና የተባለውን ታላቅ አህጉር መሠረቱ። ከደሴቶቹ መጣበቅ የተገነባው ምድር የዐረብ-ኑቢያ ጋሻ ይባላል፤ ከሲናይና ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ተነሥቶ በሱዳን፣ በምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያና በኤርትራ አልፎ ትግራይን፣ ምዕራብ ኢትዮጵያንና በደቡብ የአዶላን የወርቅ ምድር ያጠቃልላል።

ትግራይ ውስጥ ይህ ታሪክ በግልጽ ይነበባል። ቀደም ያሉት ግራናይቶች ከ750 እስከ 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ ማዕድኖቻቸው በአንድ አቅጣጫ ተጨፍልቀውና ተሰልፈው ይታያሉ፤ ይህም ከቀዘቀዙ በኋላ ግጭቱ እንደደረሰባቸው ያሳያል። ከውቅሮ በስተሰሜን እንዳለው የነጋሽ ግራናይት ያሉት ግን ከ600 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው፣ በዙሪያቸው ያለውን የታጠፈ አለት ሰንጥቀው የገቡና እነርሱ ራሳቸው ያልተጨፈለቁ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በትግራይ የግጭቱ ጊዜ ነው። የግብፅ ነገሥታት ለሐውልትና ለመቃብር ያስጠረቡት ቀዩ የአስዋን ግራናይትም ዕድሜው ወደ 600 ሚሊዮን ዓመት ስለሚጠጋ፣ የነጋሽና የአስዋን ድንጋዮች የአንድ ዘመንና የአንድ ክስተት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሐውልቶችስ የዚሁ ግራናይት አካል አይደሉም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ግራናይት ተብሎ ቢጻፍም፣ በማዕድን ይዘቱ ግን አይደለም። ሐውልቶቹ የተጠረቡበት አለት ኔፌሊን ሳየናይት ይባላል፤ ኳርትዝ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም፤ ኔፌሊን ሲሊካ ባነሰበት ማግማ ብቻ የሚፈጠር ማዕድን ነውና። ከአክሱም በስተምዕራብ ባለው የጎቦ ድራ ካባ ሳይጨረስ የቀረ የጥርብ ሥራ ዛሬም ይታያል። አለቱ ከላይ ካነሣናቸው ግራናይቶች እጅግ ዘግይቶ የመጣ በመሆኑ ከሞዛምቢክ ውቅያኖስ መዘጋት ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን ማወቅ የጠራቢዎቹን ጥበብ ቅንጣት አይቀንስም።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ዕድሜ እንዴት ሊታወቅ ይችላል?

መልስ፦ በአብዛኛው ዚርኮን በሚባል ማዕድን ነው። በግራናይት ውስጥ ያለ ዚርኮን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ቅንጣት ሲሆን፣ ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስን ግን አያስገባም። ስለዚህ በውስጡ የሚገኘው እርሳስ ከዩራኒየም መለወጥ የመጣ ነው። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን፣ ዩራኒየም 235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት ስለሚጋመስ፣ በአንዲት ቅንጣት ውስጥ ሁለት የሚተራረሙ የጊዜ መለኪያዎች አሉ ማለት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ በጃክ ሂልስ የተገኙት ዚርኮኖች 4.4 ቢሊዮን ዓመት ድረስ ዕድሜ አላቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ፕሌቶች ከ4.4 ቢሊዮን ዓመት ጀምሮ ይንቀሳቀሱ ነበር?

መልስ፦ ይህ ዛሬም በብርቱ የሚያከራክር ነው። ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠሩት የጥንት አህጉራዊ አለቶች በአብዛኛው በሶዲየም የበለጸጉ የግራናይት ዘመዶች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ወፍራም የባዛልት ቅርፊት ከሥሩ ቢቀልጥም ሊገኙ ይችላሉ፤ የግድ የሚሰምጥ ፕሌት አያስፈልጋቸውም። ፖታሲየም የበዛበት እውነተኛ ግራናይት በስፋት የሚታየው ከ3 እስከ 2.5 ቢሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የፕሌቶችን ጅማሬ በዚህ ጊዜ አካባቢ ከሚያደርጉት ወገኖች ጋር እስማማለሁ፤ ጥቂት የዚርኮን ቅንጣቶችን ብቻ ይዞ መላውን ሥርዓት ወደ 4.4 ቢሊዮን መውሰድ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መጫን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሰሜን ተራሮች ለምን ግራናይት አልሆኑም?

መልስ፦ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥልቅ ማንትል በተነሣ ሙቀት ሳቢያ ፈስሶ የተከመረ ባዛልት ስለሆኑ ነው። ጥንታዊው መሠረት ከእነርሱ ሥር ተቀብሯል፤ የሚገለጠው በአገሪቱ ዳርና ዳር፣ በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጉጂና በሐረርጌ ነው። በባቢሌ አጠገብ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ግዙፍ ድንጋዮችም ስንጥቆቹን ተከትሎ የተሸረሸረ ግራናይት ናቸው።

ጥያቄ፦ ዛሬም ግራናይት እየተፈጠረ ነው?

መልስ፦ አዎን። በጃፓን የሚገኘው የኩሮቤጋዋ ግራናይት ዕድሜው 0.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አካባቢው በፍጥነት ከፍ እያለና እየተሸረሸረ በመሄዱ ከወዲሁ ገጸ ምድር ላይ ወጥቷል። በእኛ ስምጥ ሸለቆም እንደ አሉቶ ያሉ እሳተ ገሞራዎች የሚተፉት ራዮላይትና ባልጩት በኬሚካዊ ይዘቱ ለግራናይት የቀረበ ነው፤ ሳይወጣ ከሥር የሚቀረውም ማግማ ቀስ ብሎ ሲረጋ የግራናይት ዓይነት አለት ይሆናል። ነገር ግን ይህኛው፣ እንደ ነጋሹ ውቅያኖስ ሲዘጋ ሳይሆን፣ አህጉር ሲሰነጠቅ የሚወለድ ነው።