ኬሚስትሪውን አትተዪው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ኪሎ የኬሚስትሪ ተማሪ ነሽ፤ አባትሽን እጅ የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴ የሚያዘገየው የአንጎል በሽታ፣ ፓርኪንሰን፣ ይዟቸዋል፤ በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ ብረት እንደሚጠራቀም ስታነቢ «ኬሚስትሪውን ትቼ የሕክምና ትምህርት ልጀምር ወይ?» አልሽኝ። አትተዪው።

የያዘሽ ጥያቄ ራሱ የኬሚስትሪ ነው። ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያሉ ሴሎች እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ኬሚካል፣ ዶፓሚንን፣ ለማምረት ብረት የግድ ይላቸዋል። ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን ብረቱን ይዞ እስካስቀመጠው ድረስ ችግር የለም። ያመለጠው ግን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ፍሪ ራዲካል የተባለ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃና ሴሉን የሚጎዳ ሞለኪውል ይፈጥራል፤ ያው የምታውቂው የፌንተን ሪአክሽን።

«ታዲያ ብረቱን ማውጣት ነዋ!» ትዪ ይሆናል። ተሞክሯል። ዴፈሪፕሮን የሚባለው ብረት ለቃሚ መድኃኒት ገና ሕክምና ባልጀመሩ 372 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ ግማሾቹ ለ36 ሳምንት ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ በኤምአርአይ የታየው ብረት ቀንሷል፤ ሕመሙ ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ባሰ። ሳነበው በጣም አዘንኩ። ብረቱ የበሽታው ምክንያት ይሁን ተከታይ፣ ከየትኛው ሴል መቼ መነካት እንዳለበት ገና አልተፈታም። እዚህ ላይ የሚፈለገው የብረትን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ብረት መለካት ላይ አድርጊው፤ የብረትን መጠን በብርሃን የሚለካውን አቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ በእጅሽ ልመጂ። ባዮኬሚስትሪና ስታቲስቲክስም ጨምሪ። ከዚያ ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ወርደሽ ጥቁር አንበሳ፣ የሜዲካል ባዮኬሚስትሪ ክፍል ሂጂና የማስተርስ መግቢያውን ጠይቂ። የምርምሩ በር ቢዘገይ እንኳ በትክክል መለካት የሚችል ኬሚስት በመድኃኒት፣ በምግብና በውኃ ጥራት ቁጥጥር ሥራ ያገኛል።

እናትሽ «ብረት አለበት» ብለው አባትሽን ጤፍና ምስር መከልከላቸው ግን አስደንግጦኛል። አንጎል ብረት የሚያስገባው በራሱ በር እየተቆጣጠረ ነው፤ በገበታ ላይ ያለው በቀጥታ አይሄድበትም። የደም ማነስ ቢጨመርባቸው ደግሞ ሌላ ድካም ነው። ምግባቸውን ይብሉ። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ከፓርኪንሰን መድኃኒቱ ከሌቮዶፓ ጋር አንድ ላይ አይዋጡት፤ ብረቱ ሆድ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በስንት ሰዓት ልዩነት መውሰድ እንዳለባቸው ሐኪማቸውን በዚህ ሳምንት ጠይቂያቸው።