ሳንጃውን ከመፈግፈጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የድሮ ሳንጃ የሚሰበስብ ወጣት «የሳንጃዬን የፋብሪካ ማህተም ዝገት ሸፍኖታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?» ብሎ ጠየቀኝ። በፍጹም! ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሙዚየም ውስጥ የድሮ የጦር መሣሪያ ስንከባከብ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ የአያቱን ሳንጃ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ «ግራ» (Gras) የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ሳንጃ ነው። የትና መቼ እንደተሠራ ማወቅ ፈልጓል። ለዚህ ሳንጃ ይህ ቀላል ጥያቄ ነበር። ደንደሱ ላይ ፋብሪካው፣ ወሩና ዓመቱ በሚያምር የተያያዘ ጽሑፍ ይቀረጻሉ፤ ለምሳሌ ሴንት ኤቲየን፣ ቱል ወይም ሻቴልሮ ይላል። ሰውዬው ግን እንዲያምርልኝ ብሎ ሲፈገፍገው አምሽቷል። መስታወት መስሏል። መብራት ከጎን አበራሁበት። በአጉሊ መነጽር ከጫፍ ጫፍ ፈለግሁ። የተረፈው የአንድ ፊደል ጭራና የ8 ቁጥር ግማሽ ነው። እሱም አይረዳም፤ የዚህ ሳንጃ ዓመት ሁሉ በ18 ነው የሚጀምረው። ከእጀታው ፊት ባለው መስቀለኛ ብረት ላይ ያለው መለያ ቁጥር በጥልቀት ስለተመታ ደህና ነበር፤ ብቻውን ግን ፋብሪካውን አይናገርም። «ታዲያ የት ነው የተሠራው?» አለኝ ደጋግሞ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዘንድሮ ልጆች ብረቱን እንኳ ሳታገላብጡ «ስንት ያወጣል?» ትላላችሁ። ደስ አይለኝም። ስልካችሁ ግን ከእኔ አጉሊ መነጽር ይበልጣል። ብርሃኑን ከጎን አጋድማችሁ አስጠግታችሁ አንሱት። ለብረቱ ቀጭን ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

እኔ ሁሌም የምወደው የአሜሪካኖቹን ማህተም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳንጃ ላይ «ኤኤፍኤች» የሚል ካያችሁ፣ አሜሪካን ፎርክ ኤንድ ሆ ማለት ነው። የመንሽና የመኮትኮቻ ፋብሪካ! ጦርነቱ የገበሬ ዕቃ ሠሪውን ሳንጃ አሠራው።

ማህተም ሁሉን ይናገራል ስል ኖሬያለሁ፤ ግን እሱን ብቻ አትመኑ። 1942 የሚል፣ ስለቱ 10 ኢንች የሆነ የአሜሪካ ሳንጃ ካገኛችሁ፣ ሲሠራ 16 ኢንች ነበር፤ በኋላ ነው የተቆረጠው። በስለቱ ጎን ያለው ቦይ እስከ ጫፉ ከሄደ፣ ያ የመቆረጡ ምልክት ነው።

ጀርመኖቹ ደግሞ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት የፋብሪካ ስም መጻፍ ትተው በፊደል ኮድ ተክተውታል። «ሲኦኤፍ» የዞሊንገኑ ካርል አይክሆርን ነው። እነዚህን ስትገዙ የስለቱና የአፎቱ መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ከሆኑ ለየብቻ እንዳትሸጧቸው፣ አደራ።