«የሽማግሌ ወገብ ነው ያለህ»

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ፊዚዮቴራፒስት በቴሌግራም «ጋሼ፣ ኤምአርአዩ የወገብ ዲስክ መንሸራተት እያሳየ እኛ ምን እንሠራለን? በሽተኛውን ቀጥታ ለኦፕራሲዮን አንልከውም?» ብላ ጻፈችልኝና አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ትዝ አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ተሳቢ ነጂ ነው፣ ገና አርባ አልሞላውም። ወገቡን ሲያመው ኤምአርአይ ተነሳ፣ ውጤቱን የነገረው ባለሙያ ኮሪደር ላይ እንደቆመ «የሽማግሌ ወገብ ነው ያለህ፣ እንዳትጎነበስ፣ ሽባ ትሆናለህ» አለው። በቃ። እኔ ጋ ሲመጣ የጫማውን ክር የምታስርለት ትንሿ ልጁ ነበረች፣ እሱ ትንፋሹን ይዞ፣ ድርቅ ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ወገቡን እያሸሁት ወሬ ስንጀምር ነው መኪናው የብድር እንደሆነ፣ ባንኩ እየደወለ እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል እንደሌለው፣ ከሚስቱም እንደተኳረፈ የነገረኝ። ካርዱ ላይ ከዚህ አንዱም የለም። ኦፕራሲዮኑ ተሠራ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ፊልሙም ቆንጆ ነው ተባለ፤ ሕመሙ ግን ያው፣ ልጅቷም ማሰሯን አላቆመች።

በፈረንጆቹ 1994 ላይ አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን ምንም የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ከግማሽ በላዩ ዲስኩ፣ ማለት በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ፣ አበጥ ብሎ ተገኝቷል። ታዲያ ያ የሽማግሌ ወገብ የማን ነው? ቦይንግ ፋብሪካም ከ3,000 በላይ ሠራተኛ ተከታትለው በፈረንጆቹ 1991 ያወጡት ጥናት አለ፣ ሥራውን የማይወደው ሰው ነው ወገቤን ማለት የሚያበዛው። ፍርሃትና ድብርት ይዞ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ውጤቱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ የፈራ አይንቀሳቀስም፣ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻው ይከዳዋል፣ ከዛ ትንሹም ያመዋል።

የዘንድሮ ልጆች ጎበዝ ናችሁ፣ ፊልም ማንበብ ከኛ በብዙ ትበልጣላችሁ፣ ግን በሽተኛው እያወራ ስልካችሁን ታያላችሁ።

ደግሞ «የሐሳብ በሽታ ነው» ብላችሁ እንዳታባርሩት፣ ሰውየውን በእውነት ያመዋል። ነርቭ ተጭኖት እግሩ ድረስ የሚጠዘጥዘውን ሰው ኦፕራሲዮን ቀጥ አድርጎ ሲያስኬደው አይቻለሁ፣ ሰርጂን ጠላቴ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ቢያመኝ መጀመሪያ የምሮጠው ኤምአርአይ ልነሳ ነው መሰለኝ።

ለልጅቷ የመለስኩላት ይሄን ነው፦ ከላክሽውም ላኪው፣ ግን ሪፈሩ ላይ የነርቩን ምርመራ እንደምትጽፊው ሁሉ «ዕዳ አለበት፣ አይተኛም፣ መጎንበስ ይፈራል» ብለሽ ጻፊ፣ ሰርጂኑ ቢስቅብሽም።