ዋፈር ላይ ያሳደጉት ስስ ፊልም ደብዝዞ ሲወጣ ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) ይጠርጥሩ

ጥያቄ፦ በኤምቢኢ ማሽን (በቫኪዩም ውስጥ ክሪስታል በንብርብር የሚያሳድግ) በጋሊየም አርሰናይድ ዋፈር (ስስ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ሰሌዳ) ላይ ያንኑ ጋሊየም አርሰናይድ አሳድጋለሁ። ቴርሞካፕሉ 600 ዲግሪ ይላል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 1 ማይክሮን ነው። የሪድ ምስሉ (ኤሌክትሮኖች ከዋፈሩ ገጽ ነጥረው ስክሪን ላይ የሚሠሩት) ግን ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ ፊልሙም ደብዛዛ ነው። ቴርሞካፕሉን በቅርቡ ቀይረውልናል።

መልስ፦ የጋሊየም ሴሉን (ጋሊየም የሚያተነውን ምድጃ) አይንኩት። የአዲሱ ቴርሞካፕል ጫፍ ዋፈሩን ስለማይነካ የሚለካው ማሞቂያውን ነው፤ 600 ሲል ዋፈሩ 500 ገደማ ቢሆን አይገርመኝም። በዚያ ሙቀት የዋፈሩን ገጽ የሸፈነው ኦክሳይድ አይለቅም። ርካሽ ሽቦ ገጥሞ "ያነባል" ብሎ መሄድ ጥገና አይባልም።

ቻምበሩን ለመክፈት አይቸኩሉ፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረው አርሰኒክ መርዝ ነው። መጀመሪያ ሳይከፍቱ ይፈትሹ። ማሸጊያው ያልተከፈተ ዋፈር ያስገቡ። 400 ላይ የአርሰኒክ ሹተሩን (መዝጊያውን) ይክፈቱ፣ ከ500 በኋላ በደቂቃ 10 ዲግሪ ይጨምሩ። የሪዱ ጭጋግ ጠፍቶ ብሩህ ነጥቦች ድንገት ሲወጡ እውነተኛው ሙቀት 580 አካባቢ ነው። ቴርሞካፕሉ ያኔ 690 ካለ ልዩነቱ 110 ነው፤ ማሽኑ ላይ ይጻፉት። 20 ዲግሪ ጨምረው 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ ከዚያ በእውነተኛው 590 ያሳድጉ።

ሙቀቱ ይህን ያህል የሚወስነው ዋፈር ፍጹም ለጥ ያለ ስላልሆነ ነው። 0.1 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ቢቆረጥ፣ በየ160 ናኖሜትሩ 0.28 ናኖሜትር ከፍታ ያለው እርከን ይኖረዋል። ያረፈው የጋሊየም አቶም ገጹ ላይ ይዞራል። ሙቀት ካገኘ የእርከኑ ጠርዝ ላይ ደርሶ ይያያዛል፤ እርከኑም እየገፋ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝበት ግን እንደመሸበት መንገደኛ ባለበት ያድራል፤ ሌሎች ተሰብስበውበት ደሴት ይሠራሉ። ደሴቶቹ ተገናኝተው ንብርብሩን ከሞሉት ደግ ነው፤ የሪዱ ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው፣ በእርስዎ ፍጥነት በሰከንድ አንዴ ገደማ። የቀረ ኦክሳይድ መንገዱን ሲዘጋ ግን ደሴት በደሴት ላይ ይቆለላል፤ ነጥቦቹ እነዚያ ናቸው። በነገራችን ላይ የሪዱ መስመሮች (የለጥ ያለ ገጽ ምልክት) ጠርተው የብርሃኑ ከፍ ዝቅታ ብቻ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ እድገቱ በእርከን ሆኗል ማለት ነው።

ኦክሳይዱ ከለቀቀ በኋላ ነጥብ መታየቱ ያለ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 50 ናኖሜትር ውስጥ ወደ መስመር ካልተቀየረ አርሰኒኩን ይዩ። ሪዱ ከ2×4 (አርሰኒክ የበዛበት የገጽ አቶሞች አደራደር) ወደ 4×2 (ጋሊየም የበዛበት) ከዞረ አርሰኒኩ አንሷል፤ የጨረር ግፊቱን (ወደ ዋፈሩ የሚፈሰው የአርሰኒክ ትነት በግፊት መለኪያ የሚያሳየውን) ከጋሊየሙ 15 እጥፍ ገደማ ያድርጉት።

ቴርሞካፕሉን ለማስጠጋት የግድ ከከፈቱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ አርሰኒኩን በኮምፕረሰር አይንፉ፣ በደረቁም አይፋቁ። ጓንትና ፒ100 (ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር) ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁን አሽገው በአደገኛ ቆሻሻ ያስወግዱ። ማሽኑ ፎስፈረስም ይሠራ ከነበረ ጭራሽ አይክፈቱት፤ ነጭ ፎስፈረስ አየር ሲነካው ይቀጣጠላል፣ አምራቹን ይጥሩ።