በአካውንቲንግ ተመርቄ «የተጠያቂነት ኦፊሰር» ለመሆን ማመልከት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። አንድ አገር በቀል ድርጅት «የተጠያቂነትና ግብረ መልስ ኦፊሰር» የሚል ማስታወቂያ አውጥቷል። ሥራው በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በስልክ የሚመጣ ቅሬታ መቀበል ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ማወቅ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ግን አመልክቺ። መልእክት መቀበል ማንም ይችላል። የሚከብደው ቅሬታውን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ተከትሎ መሄድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መዝገብ መያዝ የለመደ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ማታ በቴሌግራም «ስሜ ከእርዳታ ዱቄት ዝርዝሩ ወጣ፤ ያወጣኝ የቀበሌው አስተባባሪ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል እንበል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ወደ መስክ ቢሮው ግሩፕ ይልከዋል። ግሩፑ ውስጥ የተከሰሰው አስተባባሪ አለ፤ የቅሬታ አቅራቢው ስምና ፎቶም በግልጽ ይታያል። ከዚያ ቀበሌ ሁለተኛ ቅሬታ አይመጣም። አንቺ ግን ለቅሬታ አቅራቢው የቅሬታ ቁጥር ሰጥተሽ መልስ የሚያገኝበትን ቀን ንገሪው። ፍሬ ነገሩን ብቻ፣ ያለ ስም፣ ጉዳዩ ለማይነካው ኃላፊ አስተላልፊ። ስምና ስልክ በተለየ፣ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ይቀመጥ። የወሲብ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ጥቆማ ከሆነ ወደ አጠቃላይ መዝገቡ ሳይገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለተመደበው ሰው ብቻ ይድረስ።

ለማመልከቻሽ በኤክሴል የናሙና መዝገብ ሥሪ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ የመጣበት መንገድ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ጉዳይ፣ የተመራለት ኃላፊ፣ ውሳኔ የተሰጠበት ቀን፣ ውሳኔው ለቅሬታ አቅራቢው የተነገረበት ቀን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አታጣምሪ። ቢሮው ወስኖ «ተዘግቷል» ይላል፤ ሰውየው ግን ምንም አልሰማም።

የጾታውን ዓምድ በየወሩ ደምሪ። በኢንተርኔት የሚጽፈው በአብዛኛው ስማርት ስልክ ያለው የከተማ ወጣት ነው። የሴቶችና የአረጋውያን ቅሬታ አነሰ ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ነጻ የስልክ መስመር፣ በእደላ ቀን የሚቀመጥ የቅሬታ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ብቻ የሚከፍቱት ባለ ሁለት ቁልፍ ሣጥን የግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም ብቻ ቅሬታ የሚቀበል ድርጅት ጆሮው ተደፈነ ማለት ነው። ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያም ልመጂ፤ ያለ ኔትወርክ ተሞልቶ መስመር ሲመለስ ይልካል። 10 ጥያቄ ያለው የአማርኛ ቅጽ ብትሠሪበት ለመጀመሪያ በቂ ልምምድ ነው።

ትልቁ ብልጫሽ ሂሳቡ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሦስተኛ ወገንን ለመጥቀም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ድርጅቶች የኦዲት ሪፖርታቸውን በእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ላይ ይጭኑና ግልጽነት አሟላን ይላሉ። ያንን የሚያነበው ለጋሹ ነው። የቀበሌው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ስንት ኩንታል እንደመጣ፣ ለስንት አባወራ እንደተመደበ፣ መራጩ ማን እንደሆነ ነው። አንድ የታተመ ሪፖርት ወስደሽ በአንድ ገጽ አማርኛ አዘጋጂውና ከማመልከቻሽ ጋር አያይዥው። የተረጂዎችን ስምና ፎቶ ግን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ግልጽነት አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳታነቢ ቃለ መጠይቅ አትግቢ።

«ዱቄቱ ተሸጧል የሚል ጽሑፍ ገጻችን ላይ ቢወጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። አላጠፋውም በዪ፤ እመዘግበዋለሁ፣ እየተጣራ መሆኑን እዚያው እጽፋለሁ፣ የመጋዘን ወጪ ሰነዱን ከእደላ ፊርማው ጋር አመሳክሬ ውጤቱን በዚያው ገጽ አወጣለሁ።

አንቺም ጠይቂያቸው፦ ቅሬታው በሥራ አስኪያጁ ላይ ከሆነ ለማን ነው የማቀርበው? በቀጥታ ለቦርዱ የምታቀርቢበት መንገድ በጽሑፍ ከሌለ፣ ከመፈረምሽ በፊት በሥራ መዘርዝርሽ ውስጥ እንዲገባ ጠይቂ።